መስኮቱን የጋረደው ቴሌቪዥን

አለቃችን ጡረታ የወጣ ዕለት የመሥሪያ ቤታችን ሰዎች የግድግዳ ሰዓት ሸለምነው። ሌላ ምን እንደምንሰጠው አላወቅንም። የጠቅላላ አገልግሎት ኃላፊ ሆኖ ዕድሜውን ሲገፋ፣ ከስብሰባ በስተቀር የሚወደው ነገር መኖሩን ያየ ሰው አልነበረም። ስለ መጥረጊያ ግዢ ይሰበስበናል፤ ስለ መኪና ማቆሚያው ጥላ ይሰበስበናል፤ አንድ ጊዜ ደግሞ ስብሰባ በዝቷል የሚል አቤቱታ ቢደርሰው፣ እሱን ለመወያየት ሰብስቦን ከሰዓት በኋላውን ሙሉ በላው። «ሰብሳቢው» የሚል ስም ያወጣንለት ለዚህ ነው። በእውነተኛ ስሙ የሚጠራው የደመወዝ ክፍሉ ብቻ ነበር።

ሚስቱ አዋላጅ ነበረች። የሥራ ዘመኗን ያሳለፈችው በአንድ የወሊድ ክፍል ውስጥ ሲሆን፣ የክፍሉ መስኮቶች መንገደኛ ወደ ውስጥ እንዳያይ በነጭ ቀለም የተቀቡ ነበሩ። «መምሸቱን የማውቀው ነጩ ቀለም ግራጫ ሲሆን ነው» ትላት ነበር ለባለቤቴ። ሁለቱ የልብ ጓደኛሞች ናቸው፤ እኔም ይህን ታሪክ በአብዛኛው የሰማሁት በዚሁ በኩል ነው። የቀረውን ሰብሳቢው ራሱ አጫውቶኛል። እሱ ሲናገር ግን ጥፋቱ ሁሉ ዞሮ ዞሮ ሌላ ሰው ላይ ስለሚያርፍ፣ እዚህም እዚያም አስተካክዬዋለሁ።

ባልና ሚስቱ ጡረታ እንደወጡ አንድ አሮጌ መኪና ገዙ። ባሏ የሞተባት ጎረቤታቸው ግቢዋ ውስጥ አቁማው የኖረችው፣ ከሚኒባስ ተለቅ ያለ፣ ውስጡ አልጋ፣ ትንሽ ምድጃ፣ ታጣፊ ጠረጴዛና ገብተው የማይዞሩበት መታጠቢያ ያለው መኪና ነው። ሰፈሩ «ባለ ቤቱ መኪና» አለው። ሐሳቡ የሚስትየው ነበር። አገር ለአገር እየዞሩ፣ ደስ ካላቸው ቦታ እያቆሙ፣ በተለይ ደግሞ አንድ ሐይቅ ዳር ሄዶ ማደር ነበር ምኞቷ። ከመኪናው ሁሉ የወደደችው ከጠረጴዛው በላይ ያለውን ሰፊ መስኮት ነው። በአሮጌ ጋዜጣና በኮምጣጤ እያሸች እስኪያብለጨልጭ ወለወለችው። መጋረጃ ሰፍታ ሰቀለችለት፤ ወዲያው ደግሞ «ምኑን ልጋርድ ብዬ ነው» ብላ አወረደችው።

ሰብሳቢው በበኩሉ መኪናው አንድ ነገር እንደሚጎድለው ታየው። እራት እንደተበላ ጉሮሮውን ጠራረገ። ጠረጴዛው ዙሪያ እሱ፣ ሚስቱና የሚስቱ ታናሽ ወንድም ነበሩ። ይኼ ወንድሟ ጎማ ነጋዴ ነው። አንድ ጊዜ የጎረቤት ሬዲዮ ጠግኖ «ኢንጂነሩ» ተብሎ ቀረ። ሬዲዮው ከዚያን ቀን ወዲህ የሚይዘው አንድ ጣቢያ ብቻ ቢሆንም ማዕረጉን የገፈፈው የለም።

«የዛሬው አጀንዳ አንድ ነው» አለ ሰብሳቢው። «መኪናው ቴሌቪዥን ያስፈልገዋል።»

«የሚያየው መኪናው ነው?» አለች ሚስቱ።

«ቀልዱን እናቆየው። እንበልና ሐይቁ ዳር ደረስን፤ ዝናብ መጣ። ምን ልናደርግ ነው?»

«ዝናቡን እናያለን።»

ሰብሳቢው ራሱን በአክብሮት ነቀነቀና «ሐሳቡ ተመዝግቧል» አለ። በመሥሪያ ቤታችን ሐሳብህ ተመዝግቧል ከተባልክ፣ ሐሳብህ ተቀብሯል ማለት ነበር። ኢንጂነሩ ደግሞ «ጋሼ ልክ ነው፤ ቴሌቪዥን የሌለው ቤት ቤት አይባልም» ሲል ጉዳዩ በድምፅ ብልጫ አለቀ።

በዚያው ሳምንት ሌላ ከተማ የምትኖረው ልጃቸው መውለጃዋ ደረሰ። እናት ሻንጣዋን ሸክፋ ስትነሳ በሩ ላይ ቆመችና ለባሏ አንድ ነገር ብቻ ተናገረች። «የፈለግከውን አድርግ። መስኮቴን ብቻ እንዳትነካብኝ።»

«መስኮትሽን ማን ይነካዋል» አለ ሰብሳቢው፣ ቅር ብሎት።

እሷ እንደሄደች ከስፌት ሳጥኗ ሜትሯን አውጥቶ የመኪናውን ግድግዳ ከጫፍ እስከ ጫፍ ለካ። በሩን አልለካም። ከዚያ ኢንጂነሩን አስከትሎ ወደ ኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ሄደ።

የሱቁ ሻጭ ፀጉሩን በቅባት ያስተኛ፣ አፉ እንደ ማር የሚጣፍጥ ወጣት ነው። መጀመሪያ ላይ የሚገባውን ነገር አሳያቸው። «ለመኪና ከሆነ ይኸውላችሁ፤ ትንሽ ነው፣ አይከብድም፣ ሌላ ዕቃ ሳያስፈልገው በቀጥታ ከመኪና ባትሪ ይሠራል።» ሰብሳቢው ቴሌቪዥኗን አርፍዶ እንደመጣ ሠራተኛ ከላይ እስከ ታች ገረመማት።

«ይቺ ለጥበቃ ቤት ነች» አለ።

ሻጩ የያዘው ምን ዓይነት ገበያተኛ እንደሆነ ያኔ ገባው። ትንሿን በእግሩ ገፋ አድርጎ፣ የሰብሳቢውን ክንድ ይዞ ወደ ውስጠኛው ግድግዳ ወሰደው። እዚያ የተሰቀለው ስክሪን የቤት በር ያህላል። በላዩ ላይ የሆነ ሐይቅ ይታያል፤ ውሃው ከሰማይ የበለጠ ሰማያዊ ነው፤ ወፎች አንድ በአንድ ይነሳሉ፤ የላባቸው ጭረት ሳይቀር ይቆጠራል።

«አባቴ፣ እርስዎን የመሰለ ሰው ትንሽ ስክሪን ፊት ቢቀመጥ የሚያፍረው ስክሪኑ ነው» አለው ሻጩ።

ሰብሳቢው እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ሐይቁን ሲያይ ቆየ። «ጥራቱን እየው» አለ ለኢንጂነሩ።

«ይኼ እንኳን በመኪና ባትሪ አይሠራም» አለ ሻጩ፤ ያም ሆኖ ትንሽ ሕሊና ሳይኖረው አልቀረም።

«ኢንቨርተር እገጥምለታለሁ» አለ ኢንጂነሩ። የመኪናን ኤሌክትሪክ ወደ ቤት ኤሌክትሪክ የሚቀይር ሳጥን ማለቱ ነው። «እሱ የኔ ሥራ ነው፤ ቀላል ነው።» ይህ ሰው ቀላል ነው ያለውን ነገር ሁሉ ልብ ብሎ የያዘ ቢኖር ኖሮ፣ ሰብሳቢው እዚያው ተመልሶ ይወጣ ነበር። ግን ስክሪኑ፣ ለጣሪያ የሚሆን ዲሽና ኢንቨርተሩ ተጭነው መጡ።

ቴሌቪዥኑ በመኪናው በር አልገባም አለ። በቁም ሞከሩት፣ በጎን ሞከሩት፣ አጋድመው ሞከሩት። ሰፈሩ ወጥቶ ከበባቸው፤ እኔም ነበርኩ፤ ሐሳብ ያልሰጠ አልነበረም። አንዱ መልሱት ይላል፣ አንዱ ጣሪያውን ቅደዱት ይላል። በመጨረሻ ኢንጂነሩ የመኪናውን በር ከነማጠፊያው ነቀለውና ቴሌቪዥኑ ሁለት ቦታ ተፍቆ ገባ። በሩ ግን ሲመልሱት አልገጥም አለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የሚዘጋው በገመድ ታስሮ ነው።

ውስጥ ሲገቡ ደግሞ ሌላ ነገር ተገለጠ። ያን የሚያክል ስክሪን የሚችል ግድግዳ መኪናው ውስጥ አንድ ብቻ ነው፤ መስኮቱ ያለበት።

«እህቴ ትገድለናለች» አለ ኢንጂነሩ።

«አትንኩት ነው ያለችው» አለ ሰብሳቢው። ሕግና ደንብ ሲተረጉም ድምፁ ይለሰልሳል። «እኛ አንነካውም። ከመስኮቱ በላይ ነው የምንሰቅለው። ወደ ታች ቢንጠለጠል የራሱ ጉዳይ ነው።»

እኔ በዚህ ጊዜ ከውጭ የመኪናውን ጎን ተደግፌ ቆሜያለሁ። ትራፓኖው ሲጮህ ሰማሁ፤ ቀጥሎ ደግሞ ትከሻዬ አጠገብ መሰርሰሪያው ከነትቢያው ብቅ አለ። ግድግዳው ስስ ቆርቆሮና ኮምፔንሳቶ እንጂ ሌላ ነገር አልነበረውም። ከውስጥ የኢንጂነሩ ድምፅ «ውጭ ሰው ካለ ራቅ ይበል» አለ። ራቅ አልኩ። ብሎኖቹ ሁሉ ወደ ውጭ ሾልከው ስለወጡ አንድ ጣውላ ከውጭ አስደግፈው አጠበቋቸው፤ ጣውላውን የመኪናውን ቀለም ቀቡት፤ ማለቴ፣ ሊቀራረብ የሚችል ቀለም።

ሚስትየው የልጅ ልጇን በገዛ እጇ ተቀብላ፣ አራሷን አስተኝታ፣ ፊቷ በርቶ ተመለሰች። ሰብሳቢው እጇን ይዞ ወደ መኪናው ወሰዳት፤ ገመዱን ፈታ፤ ቀድማ ገባች። ውስጡ ጨልሟል።

«መስኮቴስ?»

«አልነካሁትም» አለ ሰብሳቢው። «እዚያው ነው። ከጀርባው አለልሽ።»

በስክሪኑና በግድግዳው መካከል ጣት የምታስገባ ክፍተት ነበረች። ሴትዮዋ ጉንጯን ግድግዳው ላይ ለጥፋ፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና በዚያች አየች። ከመንገዱ የታያት ቀጭን ቁራጭ ነበር፤ ከሰው ደግሞ የእኔ ግማሽ። ቀና ብላ ቀሚሷን አራገፈች። ክፉም ደግም ሳትናገር ወጣች። ባለቤቴ እንደምትለው፣ ይህቺ ሴት በሥራ ዘመኗ በሐኪሙም በባልየውም ላይ ስትጮህ የኖረች ናት፤ ዝም ያለች ቀን ነው መፍራት። ሰብሳቢው ግን ዝምታን እንደ ስምምነት መያዝ ከድሮም ልማዱ ነው።

ወደ ሐይቁ ሲሄዱ መንገዱ ገና ከከተማ ሳይወጡ መበላሸት ጀመረ። መኪናው በነጠረ ቁጥር ስክሪኑ ከነማንጠልጠያው ይንቋቋል። ሰብሳቢው ቀልቡ ተገፈፈ። መኪናውን አቆመና ሚስቱን ከፊት ወንበር አንስቶ ኋላ ወሰዳት። እሷም አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ፣ በሁለት እጇ ስክሪኑን ደግፋ፣ ቀሪውን መንገድ ያለ መስኮት ተጓዘች። ምጥ የያዛት ሴት ወገብ የሚደገፈው እንዲሁ ነው፤ ልዩነቱ ከዚያኛው መጨረሻ ላይ የሚገኝ ነገር መኖሩ ነው።

«ያዝሽው?» ይላል ከፊት፣ ጉድጓድ ባየ ቁጥር።

«ይዤዋለሁ።»

ሐይቁ ዳር የደረሱት ከምሳ በኋላ ነበር። እነሱን የመሰሉ ጥቂት ሰዎች መኪናቸውን ሣሩ ላይ አቁመዋል። ድንኳን የተከለ አለ፤ ልብሱን ያሰጣ አለ፤ አንድ ጡረተኛ የከባድ መኪና ሹፌር ከሚስቱ ጋር ካርታ ይጫወታል። ውሃው ዳር አንድ ሽማግሌ መንጠቆውን ጥሎ ተቀምጧል። ሰብሳቢው ሞተሩን አጥፍቶ እንደወረደ ወደ ውሃው ሳይሆን ወደ ሰማይ አየ። ዲሹን ብብቱ ሥር አድርጎ ጣሪያው ላይ ወጣ።

«አንቺ ስክሪኑን እያየሽ ንገሪኝ» አላት። «እኔ አዞራለሁ።»

አዞረ። «አሁንስ?»

«አልመጣም።»

«አሁንስ?»

«አልመጣም።»

እውነቱን ለመናገር ብዙም ሳይቆይ መጥቷል። አንድ ከረባት ያሰረ ሰው ረጅም ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ሆኖ ሲናገር፣ ከፊቱ የተደረደሩት ሰዎች ሲጽፉ ጥርት ብሎ ታየ። ሴትዮዋ ሰውየውን አየችው። ዕድሜዋን ሙሉ አብራው የኖረችው ሰው መሰላት። ድምፁን እስከ መጨረሻው ቀነሰችና፣ በገመድ የታሰረውን በር ፈትታ ወጣች።

«አሁንስ?» አለ ከጣሪያው።

«አልመጣም» አለች ከደረጃው ላይ።

ቀጥሎ ከሣሩ ላይ መለሰችለት። ቀጥሎ ጫማዋን አውልቃ፣ ውሃው ዳር ካለ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ እግሯን ነክራ መለሰችለት። ሰብሳቢው ጀርባውን ለሐይቁ ሰጥቶ ዓይኑን ከሰማዩና ከዲሹ ስላልነቀለ፣ ድምፅዋ እየራቀ መሄዱን ልብ አላለም። አንዳንዴም ተስፋ እንዳይቆርጥባት «ብቅ ብሎ ጠፋ» ትለዋለች። ያኔ ይበረታና እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል።

ዓሣ አጥማጁ ሽማግሌ ይህን ሲሰማ ቆይቶ ዞር አለ። «እቴ፣ የማይመጣው ምንድን ነው?»

«ቀልቡ» አለችው።

ሽማግሌው ነገሩ የገባው ይመስል ራሱን ነቀነቀና ወደ መንጠቆው ተመለሰ። ወዲያ ደግሞ ሹፌሩና ሚስቱ ካርታቸውን ትተው ወንበራቸውን ወደ ጣሪያው አዙረዋል። ከሐይቁ ይልቅ የሚያዩት የሰብሳቢውን ጀርባ ነበር።

ፀሐይዋ አንገቱን ጠብሳ ስትጨርስ ሰብሳቢው ተሸነፈ። ወገቡን ይዞ፣ እየተንደፋደፈ ወረደ። ውስጥ ገብቶ ያየውን ማመን አቃተው። ስክሪኑ ላይ እንደ መስታወት የጠራ ምስል አለ፤ ሚስቱ ግን የለችም። ቴሌቪዥኑ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ለባዶ መኪና ሲያሳይ ውሏል። ሰብሳቢው ለማንኛውም ብሎ ትራሱን አስተካከለ። መቀመጫው አልጋውን ከመንካቱ ኢንቨርተሩ ሲጥ አለና ስክሪኑ ጨለመ።

ሚስቱ የቀሚሷ ጠርዝ ርሶ ስትመለስ ጥቁሩ ስክሪን ፊት ተቀምጦ አገኘችው።

«መጥቶ ነበር ማለት ነው?» አላት።

«መጥቶ ነበር።»

«መቼ?»

«እንደወጣህ።»

«ታዲያ ምነው አልነገርሽኝም?»

«ብነግርህ ወርደህ እዚህ ትቀመጥ ነበር። እዚያ ላይ ሆነህ ቢያንስ አየር አገኘህ።»

ሰብሳቢው ተነስቶ ሞተሩን ሊያስነሳ ቢሞክር መኪናው አንድ ጊዜ አቃሰተና ጭጭ አለ። ኢንጂነሩ ጋ ደወለ። ለካስ ኢንቨርተሩን ያገናኘው ሞተር ከሚያስነሳው ባትሪ ጋር ኖሯል። «እሱማ የታወቀ ነው ጋሼ» አለ ኢንጂነሩ ረጋ ብሎ። «ሞተር ጠፍቶ ብዙ አይታይም። አልነገርኩህም እንዴ?» ከቅርቡ ከተማ የተጠራው መካኒክ ደግሞ ነገ እመጣለሁ አለ። በማግስቱም ሲደወልለት ነገ አለ።

እንዲህ ሆኖ ሰብሳቢው ሐይቁን ለማየት ተገደደ። ውሃው ዳር ሄዶ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆመ፤ ሱቁ ውስጥ እንደቆመው። ሚስቱ አጠገቡ መጥታ ቆመች፤ ምን ሊል እንደሆነ ለመስማት ልቧ ተንጠልጥሏል።

«ቀለሙ ትንሽ ደብዘዝ ብሏል» አለ።

ሴትዮዋ ከዚያ በኋላ እሱን መጠበቅ ተወች። ከሽማግሌው ጋር ዓሣ ታጠምዳለች፤ ከሹፌሩ ሚስት ጋር ካርታ ትጫወታለች፤ ሲደክማት ሣሩ ላይ ጋቢዋን አንጥፋ ትተኛለች። ሰብሳቢው ብቻውን ቀረ። ሥራ የፈታ ሰው ደግሞ የሚያውቀውን ነገር ይፈልጋል። መኪኖቹ የቆሙት ያለ ሥርዓት መሆኑን አየ። ቆሻሻ የሚጣልበት ቦታ እንዳልተወሰነ አየ። በየድንኳኑ እየዞረ «ለአጭር ጊዜ እንፈልጋችሁ ነበር» አለ። ሰዉ ነገሩ ሳይገባው መጣ፤ ሣሩ ላይ ተቀመጠ። ሰብሳቢው የአቋቋም ሥርዓት፣ የቆሻሻና የድምፅ ጉዳይ ብሎ ጀመረ። ንዑስ ኮሚቴም ተቋቋመ። ፀሐይዋ ውሃው ላይ ስትወርድ ሁሉም በጎን በጎን ያያታል፤ እሱ ግን «እባካችሁ፣ እዚህ» ይላል።

በማግስቱ ለቀጣዩ ስብሰባ ሲጠራቸው ድንኳን የተከለው ድንኳኑን ነቅሎ ሄዷል። ልብሱን ያሰጣው እርጥቡን ሰብስቦ ሄዷል። ሽማግሌው እንኳን መንጠቆውን ይዞ ወደ ማዶ ተሻግሯል። የቀረው ሹፌሩ ብቻ ነበር። እሱም መኪናውን ከባለ ቤቱ መኪና ጎን አቁሞ፣ የራሱን ሽቦዎች አውጥቶ ባትሪ ከባትሪ አገናኘና ሞተሩን አስነሳላቸው። ደግ ሰው ነው፤ ግን ደግነት ብቻ አልነበረም።

«አይጥፋ» አላቸው። «ቤታችሁ እስክትደርሱ የትም እንዳትቆሙ።»

ቤት እንደደረሱ ሴትዮዋ ሻንጣ ሳታወርድ ካቻቢቴ ጠየቀች። ሰብሳቢው ጉዳዩን ተነጋግረን ቢሆን ሲላት፣ እሷ የመጀመሪያውን ብሎን ፈትታ መዳፉ ላይ አኖረችለት። ሌሎቹንም እንዲሁ፤ እየተቀበለ ያዘ። ቴሌቪዥኑ በነቀሉት በር ወጥቶ ሳሎን ግድግዳው ላይ ተሰቀለ። መስኮቱ ዙሪያ የቀሩትን ቀዳዳዎች በሲሊኮን ደፈነቻቸው። ከዚያ የመንጃ ፈቃድ ትምህርት ቤት ተመዘገበች። ወደ ኋላ መንዳት ላይ ወደቀች፤ ደግማ ተፈተነች፤ አለፈች። አስተማሪዋ ሲያናድዳት «በርታ፣ ግፋ» እያለች ታበረታታው እንደነበር ባለቤቴ እየሳቀች ነግራኛለች።

አሁን ሴቶቹ ብቻቸውን ይሄዳሉ። እሷ ትነዳለች፤ ባለቤቴ ከጎኗ ትቀመጣለች፤ ኋላ ደግሞ ከወሊድ ክፍሉ ጡረታ የወጡ ጓደኞቿ በመስኮቱ በኩል ተደርድረው ይሄዳሉ። እኔና ሰብሳቢው ሳሎን ተቀምጠን ያን የሚያህል ስክሪን እናያለን። ሳሎኑ ጠባብ ስለሆነ አንገታችንን ከግራ ወደ ቀኝ እያዞርን ነው የምናየው። እሱ በተናጋሪዎቹ ላይ አስተያየት ይሰጣል፤ እኔ አዎ እላለሁ፤ በመሥሪያ ቤትም እንዲሁ ነበርኩ።

ባለፈው ሲመለሱ ባለቤቴ ፊቷ በፀሐይ ጠቁሮ፣ ፀጉሯ ውስጥ ሣር ተሰክቶ ገባች። «በሚቀጥለው ሁለታችሁም ኑ» አለችኝ። «ውሃ የሚቀዳልን ሰው አጥተናል።» ለሰብሳቢው ነገርኩት። ወገቡን እንደሚያመው ገልጾልኝ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ አደረገ። እኔ በማግስቱ ገበያ ወርጄ ሸራ ጫማ ገዛሁ።